የጎልፍ ተጫዋቹ የደረሰኝ ካርቶን

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ የግብር ሒሳብ እሠራለሁ። ደንበኞቼ በአብዛኛው ታክሲ ነጂዎች፣ ባለ ምግብ ቤቶችና ነርሶች ናቸው። ከእነሱ መካከል አንድ አሜሪካዊ ጎልፍ ተጫዋች አለ፤ ኮርን ፌሪ ቱር በሚባለው፣ ከዋናው የአሜሪካ ቱር ከፒጂኤ ቱር አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው ተከታታይ ውድድር ላይ የሚጫወት። ይህ ከተሰማ ወዲህ በየለቅሶውና በየክርስትናው የምጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ሆኗል፦ «ስንት ሚሊዮን አለው?» ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ወጣት ታክሲ ነጂ ፊቴ ተቀምጦ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ደንበኛ እያለዎት የእኛን ሳንቲም መቁጠር አይሰለችዎትም?» አለኝ። የሰለቸኝ ጥያቄው ነው። ስለዚህ ሰዎች የሚሉኝን እየጠቀስኩ አንድ ጊዜ መልሱን ጽፌ ልረፍ። ተጫዋቹን አስፈቅጃለሁ፤ ስሙን ግን አልጠራም።

«ደመወዝ ይከፈላቸዋል።»

አይከፈላቸውም፤ አንድ ሳንቲም እንኳ። አንዱ ውድድር ብዙውን ጊዜ ከሐሙስ እስከ እሑድ አራት ቀን ይፈጃል። ከሁለት ቀን በኋላ ማጣሪያ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ 65 እና ከ65ኛው ጋር እኩል ያመጡት ይቀጥላሉ። የቀረው ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ሽልማት የለም፣ የትራንስፖርት የለም፣ የሆቴል የለም።

ሰው የሚሰማው ትልቁን ቁጥር ነው። በቅርብ ዓመታት የአንድ ውድድር ጠቅላላ ሽልማት 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ አሸናፊው 18 በመቶውን፣ ማለትም 180 ሺህ ዶላር ይወስዳል። ማጣሪያውን አልፎ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ያጠናቀቀ ሰው ግን የሚደርሰው 4 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። ከዚህ ላይ ቦርሳ ለሚሸከምለትና ለሚያማክረው ካዲ ሳምንታዊ ክፍያና ከሽልማቱ ድርሻ ይሰጣል። የቀረው የአውሮፕላን ትኬትና የሆቴል ነው።

ደንበኛዬ ደረሰኞቹን የሚያመጣልኝ በጫማ ካርቶን ነው። አምና ክዳኑ አልገጥም ብሎ በላስቲክ ታስሮ ነበር። ከውስጡ የዊቺታና የኦማሃ ነዳጅ ማደያ ደረሰኞች፣ የዱላ ቦርሳው በአውሮፕላን ሲጫን የተከፈለ፣ በሳንቲም የሚሠራ የልብስ ማጠቢያ፣ በላብ ፊደሉ የጠፋ የምሳ ደረሰኝ ወጣ። በአንደኛው የሆቴል ደረሰኝ ጀርባ በእርሳስ «ለሦስት ተካፍለን» ተብሎ ተጽፏል። ደመርኩት። ሃያ አራት ውድድር ተጫውቶ በ11ዱ ማጣሪያ አልፏል፤ ያገኘው ሽልማት 91 ሺህ ዶላር ነው። ለካዲ 37 ሺህ፣ ለጉዞ፣ ለማደሪያና ለምግብ 36 ሺህ፣ ለአሠልጣኝና ለልዩ ልዩ 6 ሺህ ወጥቷል። የቀረው 12 ሺህ ነው፤ ያውም ግብር ሳይነካው።

አንድ ጊዜ ጁላይ ላይ ቤርተድ በሚገኘው ሜዳ ሲጫወት ላየው ሄጄ ነበር፤ ከእኛ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ቢነዳ ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ለማለፍ በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ከአንድ ሜትር ተኩል ከማይበልጥ ርቀት ኳሷን ማስገባት ነበረበት። ኳሷ የቀዳዳውን አፍ ዞራ ወጣች። በአንድ ምት ወደቀ። መኪና ማቆሚያው ጋ ጫማውን አውልቆ፣ በካልሲው እንደቆመ ስልኩን አወጣና የካዲውን የሳምንት ክፍያ ላከ። ከዚያ ቀና ብሎ «ይሄ ወጪ ተብሎ ይያዛል አይደል?» አለኝ። ይያዛል አልኩት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

«ስሙ የተጻፈው ኩባንያ ወጪያቸውን ይሸፍናል።»

ቱሩ የሚጠራው በሚከፍለው ኩባንያ ስም ነው፤ ኩባንያው ግን የሚከፍለው ለስሙ ነው። ይህ ቱር በ1990 ሲጀመር ቤን ሆጋን ቱር ይባል ነበር፤ ከዚያ ናይኪ፣ ባይ ዶት ኮም፣ ኔሽንዋይድ፣ ዌብ ዶት ኮም ሆነ፤ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ኮርን ፌሪ ነው። ስሙ በተለወጠ ቁጥር የተጫዋቹ የሆቴል ዕዳ አልተሰረዘም። ዱላና ኳስ በነፃ የሚያገኙ አሉ፤ ዱላ ግን አይበላም።

«በትንሿ የጎልፍ መኪና እየተንቀሳቀሱ ነው የሚጫወቱት።»

በእግራቸው ነው። ኬሲ ማርቲን የሚባል እግሩን የሚታመም ተጫዋች በ1998 በመኪና እየተንቀሳቀሰ በዚሁ ደረጃ አንድ ውድድር ቢያሸንፍም፣ ያንን መብት ለማስከበር ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2001 ነው በ7 ለ2 ድምፅ የተፈረደለት። ሌላው ይሄዳል። ቤርተድ ላይ የ13ኛው ቀዳዳ መንገድ ብቻውን 773 ያርድ ነው፤ ከ700 ሜትር በላይ ማለት ነው። እኔ ኳስ ሳልመታ ደክሞኛል።

«የወደቁ ሰዎች መሰብሰቢያ ነው።»

ስኮቲ ሼፍለር በ2019 እዚህ ነበር፤ በ2022 የዓለም ቁጥር አንድ ሆኖ ከጎልፍ ታላላቅ ውድድሮች አንዱን፣ ማስተርስን፣ አሸነፈ። ማክስ ሆማ ደግሞ በ2017 ዋናው ቱር ላይ 17 ውድድር ተጫውቶ ማጣሪያ ያለፈው በሁለቱ ብቻ ነበር፤ የዓመት ገቢው 18,008 ዶላር። ተመልሶ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ወረደ፣ እንደገና ወጣ፣ በ2019 ዋናው ቱር ላይ አሸነፈ። ይህን የሰማ ሁሉ «የእርስዎም ልጅ እንደሱ ይሆናል» ይለኛል። ይሁን፤ እኔ የምቆጥረው ግን የዘንድሮውን ነው።

«በ57 ምት የሚጨረስ ሜዳ የልጆች ነው።»

ጎልፍ ላይ የሚያሸንፈው ምቱ ያነሰው ነው። በ2024 ቺሊያዊው ክሪስቶባል ዴል ሶላር በዚሁ ቱር በ57 ምት የጨረሰው ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ላይ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ ከአዲስ አበባ ትበልጣለች። ቀጭን አየር ሯጭን እንደሚያስጨንቅ ለእኛ ማንም አይነግረንም፤ የጎልፍ ኳስን ግን አርቆ ይወስዳል። ቢሆንም በዚያው አየር ሌሎቹም ተጫውተዋል፤ 57 ያመጣው እሱ ብቻ ነው።

«አንዴ ያሸነፈ ወደ ላይ ያልፋል።» በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ካሸነፈ ወዲያው ያልፋል። አለዚያ ዓመቱ ሲያልቅ በነጥብ ከፊተኞቹ መካከል መገኘት አለበት፤ በ2024 የሚያልፉት 30 ነበሩ፣ በ2025 20 ሆኑ።

«ግብሩን የሚከፍለው በሚኖርበት ስቴት ብቻ ነው።»

ይህንን የሚሉኝ ሰዎች ደረሰኝ የማያስቀምጡት ናቸው። ሽልማት የተገኘበት ስቴት ድርሻውን ይጠይቃል፤ ካንሳስ ይጠይቃል፣ ነብራስካ ይጠይቃል፣ ኢሊኖይ ይጠይቃል። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ቴነሲ የገቢ ግብር የላቸውም። ስለዚህ ለአንድ ሰው አምስት ስድስት የግብር ማስታወቂያ እሞላለሁ። ልጃችሁ ጎልፍም ሆነ ሌላ ስፖርት በሙያ ሊይዝ ካሰበ ከወዲሁ የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቱለት፤ ደረሰኙን በስቴት ለይቶ ያስቀምጥ፤ ካገኘው ሁሉ ለግብር የሚሆነውን ቆርጦ ያኑር። በራሱ የሚሠራ ሰው ግብሩን በዓመት አራት ጊዜ ነው የሚከፍለው፦ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15፣ ጃንዋሪ 15። ጃንዋሪ ላይ ደንበኛዬ ባሃማስ ነው፤ የዓመቱ ውድድር የሚጀመረው እዚያ ነውና። አንድ ዓመት ረስቶት ቅጣት ከፍሏል።

ታክሲ ነጂውን ይህን ሁሉ ነገርኩት። የእሱ የዓመት ትርፍ ከጎልፍ ተጫዋቹ ከሦስት እጥፍ በላይ እንደሆነም አሳየሁት። ወረቀቱን ገልብጦ አየና «ታዲያ ለምን ታክሲ አይነዳም?» አለኝ።

አንተ መጀመሪያ የጥገና ደረሰኞችህን አምጣ አልኩት።