ቤዝመንቱን ከውሃ የሚጠብቀው ፓምፕ፦ ስለ ሳምፕ ፓምፕ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድርያ ቤት የገዛ ሐበሻ ቤዝመንቱን ወይ ያከራየዋል፣ ወይ ለእንግዳ ያዘጋጀዋል። ጥግ ላይ ስላለችው ባለክዳን ጉድጓድ ግን የሚጠይቅ የለም። ውስጧ ያለው ሳምፕ ፓምፕ ነው። በመሠረቱ ዙሪያ የተቀበሩ ቱቦዎች ውሃ ሰብስበው ወደ ጉድጓዷ ያመጣሉ። ውሃው ከፍ ሲል ተንሳፋፊው ማብሪያ ይነሣል፤ ፓምፑም ውሃውን ወደ ውጭ ይገፋል።

“ፓምፕ ካለ ቤዝመንቱ አይረጥብም”

ፓምፑ የሚያወጣው ጉድጓዷ ውስጥ የገባውን ውሃ ብቻ ነው። በግድግዳ ስንጥቅ ወይም በመስኮት የሚገባው አይመለከተውም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ችግሩ የሚጀምረው ከጣራ ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 25 ሚሊሜትር ዝናብ ሲጥል 2,500 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ጁላይ 2019 ላይ ዋሽንግተን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ80 ሚሊሜትር በላይ ዘንቦባታል። አሸንዳው በቅጠል ከተደፈነ ያ ሁሉ ውሃ የሚሰርገው ግድግዳው ሥር ነው። ስለዚህ ለፓምፕ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አሸንዳውን አስጠርጉ፣ መውረጃውን አስረዝሙ። አፈሩም ከቤቱ ወደ ውጭ ይዝቀዝቅ፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች 15 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ውጭውን ዞር ብሎ ሳያይ የፓምፕ ዋጋ የሚነግራችሁን ኮንትራክተር እኔ አላምነውም።

“ዝናብ ሲመጣ ራሱ ይሠራል”

መብራት ካለ ነዋ! ጁን 2012 ላይ ደሬቾ የተባለው ማዕበል አካባቢውን ሲመታ ስንቱ ቤት ለቀናት ያለ መብራት ከርሟል። ፓምፑ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት መብራት ይሄዳል። መፍትሔው በባትሪ የሚሠራ ሁለተኛ ፓምፕ ነው። ባትሪውም ያረጃል፤ በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል። በቧንቧ ውሃ ግፊት የሚሠራ ዓይነትም አለ፤ ከከተማ ቧንቧ ሳይሆን ግቢው ውስጥ ከተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ለሚጠቀም ቤት ግን አይሆንም፣ መብራት ሲሄድ የራሱ ውሃ ይቆማልና። ጀነሬተር ካላችሁ ከቤት ራቅ አድርጋችሁ ውጭ አስነሡት። ጋራዥ ውስጥም ቢሆን ጭሱ ይገድላል።

ሌላም አለ። ቤዝመንቱን ካከራያችሁ የፓምፑን ሶኬት ለተከራዩ አሳዩት። ማሞቂያ ለመሰካት ብሎ ሊነቅለው ይችላል።

“ጉልበቱ በበዛ ቁጥር ይሻላል”

ለብዙ ቤት ሲሶ ወይም ግማሽ የፈረስ ጉልበት ይበቃል። ከመጠን በላይ ትልቅ የሆነው ጉድጓዷን በቅጽበት ያደርቅና ይቆማል፣ ወዲያው ደግሞ ይነሣል። ሞተሩን የሚጨርሰው ይሄ ነው።

“መቀየር ማለት ነቅሎ መትከል ነው”

እጁ ለሚሠራ ሰው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ግን ከሶኬት ይነቀል። የሚሳሳቱት ትንንሾቹ ነገሮች ላይ ነው። ውሃው እንዳይመለስ የሚከለክለው ቼክ ቫልቭ ቀስቱ ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚሄድበት መሆን አለበት። ተንሳፋፊው የጉድጓዷን ግድግዳ ከነካ ተይዞ ይቀራል። ብዙ አምራቾች ከቫልቩ በታች ቱቦው ላይ 3 ሚሊሜትር ገደማ ቀዳዳ እንዲበሳ ያዝዛሉ፤ ካልተበሳ አየር ይታፈንና ፓምፑ እየዞረ ውሃ አይወጣም። በኤክስቴንሽን አትሰኩት።

ውሃውን ወደ መጸዳጃ ፍሳሽ መስመር መልቀቅ በብዙ ቦታ ክልክል ነው። ከመሠረቱ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ ጎረቤት ግቢ ግን አይግባ። ክረምት ላይ የቱቦው ጫፍ በበረዶ እንዳይዘጋ ተመልከቱት።

“ድምፁ ከተሰማ ደህና ነው”

ተጣብቆ ውሃ ሳይገፋ የሚያጉረመርም ፓምፕ አለ። ተንሳፋፊው እስኪነሣ ድረስ በባልዲ ውሃ ጨምሩበት፣ ውጭ ወጥታችሁም ውሃው መፍሰሱን እዩ። ከ7 እስከ 10 ዓመት ያገለገለውን ሳይሞት ቀይሩት።

“ኢንሹራንስ ይከፍላል”

የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ከሳምፕ የሚገነፍልን ውሃ አይሸፍንም፤ ተጨማሪ ሽፋን መግዛት ይጠይቃል። የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ ሌላ ነው። የፌዴራሉን ፕሮግራም ዛሬ ብትገዙ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው።

“ክዳኑ ለውበት ነው”

ከአፈር የሚወጣው ሬደን የተባለ ጋዝ ሽታ የለውም፤ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። ክዳን የሌላት ጉድጓድ መግቢያ ትሆነዋለች። ሜሪላንድ ያለው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ቤት ሲሸጥ የሬደን ምርመራ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። መመርመሪያው ሃርድዌር ሱቅ ይሸጣል።