የአኒሜ ስትሪትዌር፦ የሚወዱትን ካራክተር በአዘቦት ልብስ

የአኒሜ ስትሪትዌር ሚባለው አንድ ሰው ከአኒሜ (ከጃፓን አኒሜሽን) ሚወደውን ካራክተር መነሻ አድርጎ ሚመርጠው የአዘቦት ልብስ ነው፤ ሁዲ፣ ኦቨርሳይዝ ቲሸርት፣ ካርጎ ሱሪ፣ ጃኬት፣ ስኒከር፣ ኮፍያ ምናምን። ብዙ ሰው ከኮስፕሌይ ጋር ያምታታዋል። ኮስፕሌይ ላይ ካራክተሩን ራሱን ነው ምትሆነው፣ ዊጉም ሰይፉም ሳይቀር፣ እዚህ ላይ ክላስም ስራም ሚኬድበት ልብስ ለብሰህ አኒሜውን ያየ ሰው ብቻ ሚያውቀው ምልክት ትይዛለህ። የማታውቀው ሰው እጅጌህ ላይ ያለችውን የናሩቶ ቀይ ደመና አይቶ ፈገግ ካለ ልብሱ ስራውን ሰርቷል ማለት ነው። መረጃው በየብራንዱ ማስታወቂያና በየፋኑ ፖስት ተበታትኖ ስለሚገኝ እዚህ አንድ ላይ ተሰብስቧል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከየት መጣ

ስትሪትዌር ራሱ ከካሊፎርኒያ ሰርፍና ስኬትቦርድ፣ ከኒውዮርክ ሂፕሆፕ ነው የመጣው፤ ስቱሲ የሚባለው ብራንድ በ1980ዎቹ፣ ሱፕሪም በ1994። ይሄ ታሪክ በየቦታው ስለተጻፈ እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ለአኒሜው ወገን ትልቁ ቦታ ቶክዮ ውስጥ ሃራጁኩ ነው፣ በተለይ ከዋናው መንገድ ጀርባ ያሉት ጠባብ መንገዶች፣ ኡራ-ሃራጁኩ ሚባሉት። ዲጄና ዲዛይነሩ ሂሮሺ ፉጂዋራ የስቱሲ ሰዎች ወዳጅ ስለነበር የአሜሪካውን ስታይል እዚያ ሰፈር ካስተዋወቁት ሰዎች ዋናው ነው፣ ከሱ ስር ያደጉት ኒጎ እና ጁን ታካሃሺ ደግሞ በ1993 ኖዌር የምትባል ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ሱቋ ለሁለት የተከፈለች ነበረች፣ በአንድ በኩል የታካሃሺ ብራንድ አንደርከቨር በሌላው በኩል የኒጎ ብራንድ ኤ ቤዚንግ ኤፕ። ሁለቱም ቡንካ ፋሽን ኮሌጅ የተማሩ ናቸው። ትንሽ ቁጥር ብቻ አትሞ መሸጥ፣ ቲሸርትን ሚሰበሰብ እቃ ማድረግ፣ ካርቱንና አሻንጉሊት ሚወድ ትልቅ ሰው ሳያፍር ሚለብሰውን ነገር መስራት፣ ይሄን ሁሉ ያስተማረው ይሄ ሰፈር ነው ማለት ይቻላል። አኒሜን ወደ ስትሪትዌር መጀመሪያ ያመጣው ማነው በሚለው ላይ ክርክር አለ፣ የአሜሪካ ስኬትቦርድ ብራንዶች ናቸው ሚሉም አይጠፉም፣ ሃራጁኩ ቀድሟል ብሎ መናገር ግን ብዙም ሚያስፈራ አይደለም። በ1997 ሾይቺ አኦኪ የጀመረው ፍሩትስ መጽሔት የዛን ሰፈር ወጣቶች አለባበስ እስከ 2017 ድረስ በፎቶ መዝግቦ አስቀምጦልናል፣ ትልቅ ውለታ ነው።

ከካራክተሮች በኩል ደግሞ አኪራን የሚያህል የለም። የካትሱሂሮ ኦቶሞ ማንጋ (የጃፓን ኮሚክ) ከ1982 እስከ 1990 ወጣ፣ ፊልሙ በ1988። ዋናው ካራክተር ካኔዳ ሚለብሰው ቀይ ጃኬት ጀርባው ላይ ትልቅ የመድኃኒት እንክብል ተስሎበት «ለጤና ጥሩ፣ ለትምህርት መጥፎ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሁፍ አለው፤ ጀርባ ላይ አንድ ትልቅ ምልክት፣ ሌላው ሁሉ ባዶ። ዛሬ ግማሹ የአኒሜ ጃኬት ሚሰራው በዚህ ቀመር ነው። ሱፕሪም ከአኪራ ጋር ሰርቶ ኅዳር 2017 ላይ ሲያወጣ ለብዙ ፋሽን ተከታታይ አዲስ ነገር መሰለው፣ የአኒሜ ሰው ግን ያንን ጃኬት ከዛ በፊት ሲመኘው ስንት ዓመት ሆኖታል።

ብራንዶቹ ሲገቡ

የጃፓኑ የልብስ ኩባንያ ዩኒክሎ ዩቲ የሚባለውን የቲሸርት ፕሮጀክት በ2003 ጀመረ፣ በ2007 ደግሞ ሃራጁኩ ላይ ቲሸርት በፕላስቲክ ጣሳ ታሽጎ ሚሸጥበት ሱቅ ከፈተ። በኋላ ኒጎ ራሱ የዩቲ ክሪኤቲቭ ዳይሬክተር ተደርጎ ተሾመ፣ ሹመቱ ይፋ የሆነው በ2013 ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ብራንዶች ዝቅ ያለ ስለሆነ ተማሪ ሚለብሰው ኦፊሻል የማንጋ ቲሸርት ሲባል መጀመሪያ ሚጠራው ስም እሱ ሆኖ ቀረ።

ስኒከር ላይ ከሁሉም የሚያምረው ታሪክ የስላም ደንክ ነው። ከ1990 እስከ 1996 በወጣው የታኬሂኮ ኢኖዌ ማንጋ ውስጥ ቀይ ፀጉሩ ሳኩራጊ ጫማ ሱቅ ገብቶ የባለቤቱን የግል ኤር ጆርዳን 6 በ30 የን ይወስዳል፣ እሱ ሲቀደድ ደግሞ ጥቁርና ቀይ ኤር ጆርዳን 1 በ100 የን። ጆርዳን ብራንድ በ2014 ከማንጋው ጋር ተስማምቶ ቀይ ኤር ጆርዳን 6 አወጣ፣ ላዩ ላይ የማንጋው ስዕሎች ያሉበት። እዚህ ጋር ልብ በሉ፣ ብራንዱ ካራክተሩን ፈልጎ ከመምጣቱ ከ20 ዓመት በላይ በፊት ካራክተሩ ብራንዱን ለብሶት ነበር።

አዲዳስ በ2018 ከድራጎን ቦል ዜድ ጋር ሰባት ጫማ ሰርቷል፣ ጎኩ እና ፍሪዛ መጀመሪያ ወጡ፣ ጎሃን፣ ሴል፣ ማጂን ቡ፣ ቬጂታ ተከተሉ፣ ሼንሮን መጨረሻ ላይ። የጎኩው ብርቱካናማና ሰማያዊ፣ የፍሪዛው ነጭና ወይንጠጅ ነው፣ ከሩቅ ያየው ሰው ተራ ስኒከር ነው ብሎ ያልፈዋል፣ ፋኑ ግን በቀለሙ ብቻ ያውቀዋል። ለዚህ ነው ይሄ ኮላብ (የጋራ ስራ) እስካሁን በምሳሌነት ሚጠቀሰው።

ውድ የፋሽን ቤቶቹም ገብተዋል፤ ጉቺ ከማንጋ ደራሲው ሂሮሂኮ አራኪ ጋር በ2011፣ ኮች ከናሩቶ ጋር በ2020፣ ጉቺ ከዶራኤሞን ጋርና ሎዌቬ ከቶቶሮ ጋር በ2021። ስራቸው ያምራል፣ ዘግይተው የመጡ መሆናቸው ግን መታወቅ አለበት፣ እነሱ ሲመጡ ባህሉ በፋኑ እጅ አድጎ ጨርሷል።

ከካራክተር ወደ ልብስ

ልምድ ያላቸው ለባሾች መጀመሪያ ሚያዩት ሶስት ነገር ነው፦ ካራክተሩ ሚታወቅበት ቀለም፣ የልብሱ ቅርጽ፣ እና አንድ ምልክት። ሶስቱንም ባንዴ ካመጣሃቸው ወደ ኮስፕሌይ ሄድክ። ሁለቱ ይበቃሉ፣ አንዳንዴ አንዱም።

ናሩቶን እንውሰድ። ሙሉ ብርቱካናማ ቱታ ለብሰህ ከወጣህ ኮስፕሌይ ነው፣ አለቀ። ጥቁር ሰፊ ሱሪ ላይ ብርቱካናማ ሁዲ፣ ጀርባው ላይ ትንሽ ቀይ የኡዙማኪ ጥምዝ ሲሆን ግን የትም ሚኬድበት ልብስ ይሆናል። ከዚሁ ታሪክ የአካትሱኪ ቀይ ደመና በአኒሜ ልብስ ውስጥ በብዛት ከተኮረጁት ምልክቶች አንዱ ነው፣ ሙሉ ካባው ላይ ከተበተነው ይልቅ ጥቁር ሁዲ ላይ አንዲት ደመና በጥልፍ ስትሆን ትበልጣለች። ደመናዋ ዙሪያዋን ነጭ መስመር አላት፣ መስመሩ ከሌለ ሰሪው አኒሜውን አላየውም።

ጁጁትሱ ካይሰን ላይ ኢታዶሪ በጠቆረ ዩኒፎርሙ ላይ ቀይ ሁድ አለው፣ ቀይ ሁዲ ለብሶ ከላይ ጠቆር ያለ ጃኬት መደረብ በቃ ያንን ይሰጣል፣ ምንም ፕሪንት ሳያስፈልግ። የቶጂ ደግሞ ከዛም ይቀላል፣ ሰውነት ላይ ሚጣበቅ ጥቁር ቲሸርትና በጣም ሰፊ ሱሪ፣ ጂም ሚሄዱ ልጆች ለምን እንደወደዱት ግልጽ ነው። የዴዝ ኖት ኤል ነጭ ረጅም እጅጌ ከነቴራና ጂንስ ብቻ ነው ሚለብሰው፣ ሁለቱም ሁሉም ሰው ቤት አሉ፣ ለውጡን ሚያመጣው ልኩ ነው፣ ትንሽ ሰፋ ብሎ እጅጌው መዳፍ ላይ ሲወርድ። የካውቦይ ቢቦፑ ስፓይክ ስፒጌል ጥቁር ሰማያዊ ሱፍና ቢጫ ሸሚዝ። አታክ ኦን ታይታን ላይ ያለው የሰርቬይ ኮርፕስ ጦር ሰማያዊና ነጭ ክንፍ ጀርባ ላይ ብቻውን በቂ ነው፣ ጃኬቱ ወይራ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ካባውን ያስታውሳል። ጎስት ኢን ዘ ሼልን የወደደ ሰው በአብዛኛው ወደ ቴክዌር ይሄዳል፣ ውሃ ማያስገባ ጨርቅ፣ ብዙ ኪስ፣ ብዙ ማሰሪያ፣ ሁሉም ጥቁር።

ናና ለብቻዋ መነሳት አለባት። የአይ ያዛዋ ማንጋ በ2000 ተጀምሮ በ2009 ደራሲዋ ስለታመመች ተቋረጠ፣ አለባበሱ ግን አልተቋረጠም። ናና ኦሳኪ ምትለብሰው የፓንክ ልብስ ከእንግሊዛዊቷ ዲዛይነር ቪቪየን ዌስትውድ ነው፣ ጣት ሙሉ ሚሸፍነው የብረት ቀለበት፣ ሉል ያለበት የአንገት ሀብል፣ የስኮትላንድ መስመር ያለው ጨርቅ። ካራክተሯ የለበሰችው እውነተኛ ብራንድ ስለሆነ እዚህ ላይ መተርጎም አያስፈልግም፣ ያንኑ እቃ ወይም መንፈሱን ያለውን መልበስ ነው። ሴቶች በአኒሜ ስትሪትዌር ታሪክ ውስጥ ሲረሱ ይታያል፣ የናና አንባቢዎች ግን ይሄን ነገር ሚሰሩት ብዙዎቹ የወንዶች ኮላቦች ከመውጣታቸው በፊት ጀምሮ ነው።

የዴሞን ስሌየር ጨርቅ ጉዳይ

የኮዮሃሩ ጎቶጌ ማንጋ ከ2016 እስከ 2020 ነው የወጣው። እያንዳንዱ ካራክተር የራሱ የጨርቅ ጥለት አለው፣ ለልብስ መራጭ ከዚህ በላይ ምቹ አኒሜ ያለ አይመስልም። ታንጂሮ አረንጓዴና ጥቁር ካሬ፣ ኢቺማትሱ ሚባለው፣ ስሙ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረ የካቡኪ ተዋናይ የመጣ ነው። የቶክዮ 2020 ኦሎምፒክ አርማም የተሰራው ከዚሁ ጥለት ነው። ኔዙኮ ሮዝ ኪሞኖ ላይ አሳኖሃ አላት፣ የሄምፕ ቅጠል ቅርጽ፣ ሄምፕ ቀጥ ብሎ ቶሎ ስለሚያድግ ጃፓን ውስጥ ለህጻናት ልብስ ሲመረጥ የኖረ ነው። ዜኒትሱ ኡሮኮ፣ ሶስት ማዕዘን፣ እሱም እንደ መከላከያ ሚታይ የድሮ ጥለት ነው።

አሳታሚው ሹዌሻ በሰኔ 2020 የስድስት ካራክተሮችን ጥለት በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። በ2021 የጊዩ፣ የሺኖቡ እና የሬንጎኩ ተመዘገቡ። የታንጂሮ፣ የኔዙኮ እና የዜኒትሱ ግን በጃፓን የፓተንት ቢሮ ውድቅ ተደረጉ፣ ምክንያቱም ተደጋጋሚ የጂኦሜትሪ ጥለት ሆነው ስለተገኙ የአንድን ሻጭ እቃ ከሌላው መለየት አይችሉም ተባለ። ውሳኔው ትክክል ነው፤ ኢቺማትሱ ከማንጋው በፊት የህዝብ ነበር። ለለባሹ ይሄ ማለት አረንጓዴና ጥቁር ካሬ ሸሚዝ ከየትም ገዝቶ ቢለብስ የማንንም መብት አይነካም፣ የካራክተሩ ፊትና ስም ሲታተም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ ፈቃድ ይፈልጋል። ሌሎች አገሮች ላይ ህጉ ሊለያይ ይችላል።

ጥንቃቄ ሚፈልገው የቶክዮ ሪቬንጀርስ ነው። ጥቁሩ ዩኒፎርም ላይ በወርቃማ ክር የተጻፈው ጽሁፍ የሞተርሳይክል ጋንግ ልብስ ባህል ነው፣ ያምራል፣ ግን የጋንጉ ምልክት ማንጂ ነው፣ ጃፓን ውስጥ የቡድሂስት ቤተመቅደስ ምልክት ሲሆን ሌላ አገር ያለ ሰው ስዋስቲካ አድርጎ ነው ሚያየው። ከጃፓን ውጭ በተሰራጨው የአኒሜው ቅጂ ላይም ተሸፍኗል። ጽሁፉን ይዞ ምልክቱን መተው ይሻላል፣ ይሄ ላይ ድርድር ባይኖር ጥሩ ነው።

ጨርቁና ህትመቱ

ለኦቨርሳይዝ ቲሸርት ክብደቱ ወሳኝ ነው፣ በስኩዌር ሜትር 150 ግራም አካባቢ ያለው ስስ ነው፣ ትከሻ ላይ ተጣብቆ ይንጠለጠላል፣ ከ220 በላይ ሲሆን ግን ቅርጹን ይዞ ይቆማል። ኦቨርሳይዝ ማለት ሁለት ቁጥር ትልቅ መግዛት ማለት አይደለም፣ እንደዛ ከተደረገ ርዝመቱም አብሮ ይጨምርና ቀሚስ ይሆናል፤ ለዚሁ የተቆረጠው የትከሻ ስፌቱ ወደ ክንድ ይወርዳል፣ ርዝመቱ ግን አጭር ነው። የጃፓን ልክ ደግሞ በአብዛኛው ከአውሮፓና አሜሪካው ያንሳል፣ ፊደሉን ትቶ በሴንቲሜትር መለካት ነው።

ህትመት ላይ ስክሪን ፕሪንት (ቀለም በመረብ ውስጥ አልፎ ሚታተምበት) ቀለሙ ደማቅና ረጅም ዕድሜ ያለው ነው፣ ጥቂት ቀለም ላላቸው ምልክቶች እሱ ይመረጣል። ብዙ ቀለም ያለው የማንጋ ገጽ ወይም የአኒሜ ትዕይንት ሲሆን በቀጥታ ጨርቁ ላይ ሚያትመው የዲጂታል ማሽን ይሻላል። ሰብሊሜሽን (ቀለሙ በሙቀት ጨርቁ ውስጥ ሚገባበት) ሚይዘው ፖሊስተር ላይ ብቻ ነው፣ ያውም ነጣ ያለ ቀለም ላይ፣ ስለዚህ ጥቁር ጥጥ ቲሸርት በሰብሊሜሽን ነው የታተመው ሚል ሻጭ ካለ ጥያቄ ማንሳት ያስፈልጋል። ለትንሽ ምልክት ጥልፍን ሚያህል የለም። ኦፊሻል ልብስ ላይ የመብቱ ባለቤት ስም፣ ለምሳሌ የማንጋው ደራሲ ወይም አሳታሚው፣ ብዙ ጊዜ ታጉ ላይ ወይም ከህትመቱ ስር በትንሹ ተጽፎ ይገኛል። ሲታጠብ ገልብጦ በቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ ካውያ ህትመቱ ላይ በቀጥታ አያርፍም፣ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ባይገባ ይመረጣል ምክንያቱም ህትመቱን ቶሎ ሚሰነጣጥቀው ሙቀቱ ነው።