ዳያና ቶራሲ፦ ስሙ ከፊኒክስ፣ ገንዘቡ ከሩሲያ

በአሜሪካ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ደብሊው ኤን ቢ ኤ፣ እንደ ዳያና ቶራሲ ብዙ ነጥብ ያስቆጠረች የለችም። 10,646 ነጥብ አላት። ሃያ የውድድር ዓመታት የተጫወተችውም ለአንድ ክለብ፣ ለፊኒክስ ሜርኩሪ ነው። ይህ ግን የታሪኳ ግማሽ ነው። ደህና ገንዘብ ያገኘችው ሌላ አገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 ካሊፎርኒያ ተወለደች። እናቷ አርጀንቲናዊት ናቸው። አባቷም ጣሊያን ተወልደው አርጀንቲና ያደጉ ናቸው። በኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ ከ2002 እስከ 2004፣ የአገሪቱን የኮሌጆች ዋንጫ አነሳች። አሰልጣኟ ጂኖ ኦሪዬማ ለምን እንደሚያሸንፉ ሲጠየቁ፣ እኛ ዳያና አለችን፣ እናንተ የላችሁም አሉ። በቃ! በዚያው 2004 ፊኒክስ በድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ በአንደኛ ምርጫ ወሰዳት፣ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለች፣ አቴንስ ላይም የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ወርቋን ወሰደች።

ቁመቷ 1.83 ሜትር ነው። ከሩቅ ሦስት ነጥብ መወርወር መለያዋ ነበር። ምላሷም አያርፍም፤ ከዳኛ ጋር ስትጨቃጨቅ ያልታየችበት ዓመት የለም። ከፊኒክስ ጋር በ2007፣ በ2009 እና በ2014 ሻምፒዮን ሆነች።

የሊጉ ጨዋታ የሚካሄደው ከግንቦት ጀምሮ ለጥቂት ወራት ነው። በቀሪው ጊዜ ኮከቦቹ ወደ አውሮፓ ይሄዱ ነበር። ቶራሲ በሞስኮ አቅራቢያ ለነበረው ስፓርታክ ተጫውታ ከ2007 እስከ 2010 አራት ተከታታይ የዩሮሊግ (የአውሮፓ ክለቦች ውድድር) ዋንጫ አገኘች። የክለቡ ባለቤት ሻብታይ ካልማኖቪች ተራ ታሪክ ያላቸው ሰው አልነበሩም፦ እስራኤል ውስጥ ለሶቪየት ኅብረት ሰልለዋል ተብለው የታሰሩ ባለሀብት ናቸው። በ2009 ሞስኮ ውስጥ በጥይት ተገደሉ።

ቱርክ ደግሞ ስሟን ልታጠፋባት ነበር። በ2010 ለፌነርባቼ ስትጫወት አበረታች ንጥረ ነገር ተገኘባት ተባለ፤ ውሏም ተቋረጠ። በ2011 መጀመሪያ ላቦራቶሪው ውጤቱን ሲስብ ነፃ ወጣች።

በኋላ ሩሲያ ውስጥ ወደሚገኘው የየካተሪንበርግ ክለብ ሄደች። እዚያም በ2013 እና በ2016 ሁለት የዩሮሊግ ዋንጫ ጨመረች። ደመወዟ በዓመት ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ እንደነበር ተዘግቧል። ፊኒክስ ይከፍላት የነበረው 107,000 ዶላር ገደማ ነው። በ2015 የሩሲያው ክለብ ጭራሽ አሜሪካ ሳትጫወት እንድታርፍ ከፈላት፤ እሷም ተቀበለች። አንዳንዱ ተቆጣ፤ እኔ ግን ሒሳቡን ላየ ሰው የሚገርም አይመስለኝም። በ2020 ሊጉና ተጫዋቾቹ የተፈራረሙት አዲስ የሥራ ስምምነት የሊጉን ከፍተኛ ደመወዝ ወደ 215,000 ዶላር አሳደገው። በ2022 ደግሞ የፊኒክስ ጓደኛዋ ብሪትኒ ግራይነር ሩሲያ ውስጥ ታሰረች። ያ የሩሲያ መንገድ ለአሜሪካውያኑ ኮከቦች በዚያው ተዘጋ።

ቶራሲ በነሐሴ 2023፣ በ41 ዓመቷ፣ በአንድ ጨዋታ 42 ነጥብ አስቆጥራ የሊጉ የመጀመሪያዋ ባለ 10,000 ነጥብ ሆነች። በቀጣዩ ዓመት ፓሪስ ላይ አሜሪካ ፈረንሳይን 67 ለ 66 ስታሸንፍ ከተጠባባቂ ወንበር አልተነሳችም። ቢሆንም ስድስተኛ ወርቋ ነው። በቅርጫት ኳስ፣ ከወንድም ከሴትም፣ ያን ያህል የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያ ተጫዋች እሷ ናት። በየካቲት 2025 ጫማዋን ሰቀለች።