ስትሬፕቶኮከስ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው መጀመሪያ የሚወቀሰው የጣና ንፋስ ነው። «ሐይቅ ዳር አምሽቶ ብርድ መታው» ይባላል። ንፋሱ ግን ስትሬፕቶኮከስ ይዞ አይመጣም። ይህ ባክቴሪያ የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ነው፤ በሳል፣ በማስነጠስ፣ አንድ ኩባያ በመጋራት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መስኮቱ ተዘግቶ ልጆች በታጨቁበት ክፍል ውስጥ።

በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ክብ ነው፤ እንደ ዶቃ ተደርድሮ ይታያል። ዓይነቱ ብዙ ቢሆንም እዚህ ሁለቱ ይበቁናል።

አንደኛው ግሩፕ ኤ የሚባለው፣ ጉሮሮን የሚያጠቃው ነው። በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ድንገት ትኩሳት ይመጣል፣ ምራቅ መዋጥ እንኳ ያማል፣ ቶንሲሉ ያብጣል፣ አንዳንዴም ነጭ ነገር ይለብሳል፣ አንገት ላይ ንፍፊት ይወጣል። ንፍጥና ሳል ካለበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ቫይረስ ነው። ከልጆች የጉሮሮ ሕመም የግሩፕ ኤ ድርሻ ከ20 እስከ 30 በመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ ጉሮሮ በከረከረ ቁጥር ፋርማሲ ሮጦ አሞክሳሲሊን መግዛት ብዙ ጊዜ ብር ማባከን ነው፤ ቫይረስን አይነካውማ!

ታዲያ ለምን እንጨነቃለን? በልብ ምክንያት። ግሩፕ ኤ ሳይታከም ሲቀር፣ ሁሉም ላይ ባይሆንም፣ ጉሮሮው ከዳነ ከ2 እና 3 ሳምንት በኋላ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውንና ልቡን ሊያጠቃ ይችላል። ይህ ሲደጋገም የልብ ቫልቭ ይጎዳል፤ ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይኸው ነው። ይህን በሽታ መከላከል ደግሞ ርካሽ ነው፦ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም የ10 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት። ችግሩ ልጁ በሁለት በሦስት ቀን ተሽሎት መጫወት ሲጀምር የቀረው መድኃኒት መደርደሪያ ላይ መረሳቱ ነው። እንጥል ማስቆረጥማ ጭራሽ አይታሰብ። ባክቴሪያውን አያጠፋም፣ ደም ግን ያፈሳል፣ ሌላ ኢንፌክሽንም ያመጣል።

ሁለተኛው ኒሞኮከስ ነው። ጤነኛ ልጅ አፍንጫ ውስጥ ምንም ሳያደርግ ሊኖር ይችላል። ልጁን ጉንፋን ሲያዳክመው፣ ወይም ልጁ የእንጨት ጭስ በሞላበት ቤት ሲያድግ፣ ባክቴሪያው ወደ ሳንባ የመውረድ ዕድል ያገኛል። ያኔ የሳንባ ምች ይሆናል። የጆሮ ሕመምና ማጅራት ገትርም ያመጣል። ክትባቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ለጨቅላ ሕፃናት ይሰጣል። የክትባት ካርዱን አውጥታችሁ እዩት፤ የቀረ ካለ ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ልጁ ካሳለ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ፣ ሳያለቅስ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ በዚያው ቀን መታየት አለበት። ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ወይም ጡት እምቢ ካለ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርታችሁ ለሕክምና ውሰዱት።