በሐዋሳ ቤቶች የሚጋገረው የሙዝ ዳቦ

የሙዝ ዳቦ እጅግ የበሰለ ሙዝ ተደፍጥጦ ከስንዴ ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከእንቁላልና ከዘይት ወይም ከቅቤ ጋር ከተዋሐደ በኋላ በእርሾ ሳይሆን በቤኪንግ ሶዳ ነፍቶ የሚጋገር ጣፋጭ ምግብ ነው። ስሙ ዳቦ ቢሆንም ጠባዩ ወደ ኬክ ያደላል፤ ሊጡ አይታሽም፣ ኩፍ እንዲልም አያድርም፤ ከእንጀራ ሊጥ የወፈረ፣ ከዳቦ ሊጥ ደግሞ የቀጠነ ነው። በሐዋሳ የሙዝ ዳቦም የሙዝ ኬክም ሲባል ይሰማል። እኔ በበኩሌ ሁለተኛው ስም ይበልጥ ትክክል ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ድፎ ሲጋግር የኖረ እጅ «ዳቦ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ሊጡን አጥብቆ ማሸት ይቃጣዋል፣ ከዚያ የሚወጣውም እንደ ላስቲክ የሚሳብ፣ ጉሮሮ የሚያንቅ ነገር ነው።

ምግቡ የዛሬ መልኩን የያዘው በአሜሪካ ነው። ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር በየሱቁ የሚገኙ ዕቃዎች ከሆኑ በኋላ፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚ ድቀት ቤተሰቦች ምንም ነገር እንዳይባክን በሚጠነቀቁበት ወቅት፣ የጠቆረ ሙዝን ከመጣል የሚያድኑ አሠራሮች በምግብ ዝግጅት መጻሕፍት መውጣት ጀመሩ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሰዎችን በየቤታቸው ባዋለ ጊዜም በብዙ አገሮች ጓዳ ውስጥ እንደገና ተነሣ።

ሐዋሳ ለዚህ ምግብ የተመቸች ከተማ ናት። የአርባ ምንጭ ሙዝ ወደ ገበያዋ ይገባል፣ በሲዳማም ሙዝ ይበቅላል፤ የከሰዓት በኋላው ሙቀት ደግሞ ዛሬ ቢጫ ሆኖ የተገዛውን ሙዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያጠቁረዋል። ሙዝ አረንጓዴ ሳለ ከሥጋው ክብደት አምስት እጅ አንዱ ገደማ ስታርች ነው፤ እየበሰለ ሲሄድ ፍሬው ራሱ የሚያመነጨው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ብስለቱን ያፋጥነዋል፣ ስታርቹም ጥቂት እስኪቀር ድረስ ወደ ስኳር ይለወጣል። ለመጋገር የሚፈለገው ሙዝ እንግዲህ ለመብላት ከሚመረጠው በጣም ያለፈ ነው፤ ልጣጩ እንደ ወረቀት ሳስቶ ጠቁሯል፣ ሲላጥ ሥጋው በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ሽታውም ማር ማር ይላል። የጠላ ሽታ ካመጣ ወይም ሻጋታ ከታየበት ግን አልፎበታልና ይጣላል። ቢጫውን ሙዝ ቶሎ ለማብሰል ከሌላ የበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት መጠቅለል ይረዳል፤ በፌስታል ማፈን ግን ላብ አስይዞ ያበሰብሰዋል። በዚህ በኩል ትዕግሥት የሌለው ሰው ስኳር ቢጨምር ጣፋጭነቱን ያገኝ ይሆናል እንጂ የሙዙን መዓዛ አያገኘውም።

ለአንድ መጋገሪያ 4 መካከለኛ ሙዝ (ተልጦ ከ350 እስከ 400 ግራም)፣ 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት ማለትም በውሃ ብርጭቆ ሁለት ገደማ፣ 150 ግራም ስኳር፣ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 2 የፈረንጅ ወይም 3 የሀበሻ እንቁላል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። ቀረፋ ወይም ቫኒላ የሚጨምር አለ፤ ጥቂት የተፈጨ ኮረሪማ ግን፣ እጅ ካልተበዛበት፣ ከሁለቱም በላይ ለሙዝ ይስማማል። እርጥቡ ለብቻ፣ ደረቁ ለብቻ ይዘጋጃል፤ ሙዙ በሹካ ተደፍጥጦ ከስኳሩ፣ ከዘይቱና ከእንቁላሉ ጋር ይመታል፣ ዱቄቱ ደግሞ ከሶዳውና ከጨው ጋር ይነፋል። ሁለቱ ከተገናኙ በኋላ ነጭ ዱቄት ከዓይን እስኪጠፋ ብቻ በማንኪያ ይገለባበጣል፤ የሙዝ እብጠት ቢታይም ምንም አይደለም። ከዚያ ማለፍ በስንዴው ውስጥ ያለው ግሉተን እንዲተሳሰር ያደርጋል፣ ልስላሴውም ይጠፋል። ሶዳው በሙዙ ውስጥ ያለውን አሲድ እንዳገኘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልቀቅ ስለሚጀምር፣ እሳቱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ሊጡ ሳይውል ሳያድር መግባት አለበት።

በባሕር ዳርቻ አገሮች የተጻፈ መመሪያ ሐዋሳ ላይ እንዳለ ሲሠራበት መሐሉ የሰመጠ ዳቦ የሚወጣበት ምክንያትም እዚሁ ላይ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ በሊጡ ውስጥ የተፈጠረው ጋዝም ቶሎና በብዛት ይለጠጣል። ግድግዳው ሳይጠነክር የተነፋው ሊጥ ኋላ ይወድቃል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ መመሪያው አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ካለ ከሩቡ እስከ ሲሶው ይቀነሳል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ወይም ወተት ይጨመራል፣ ኦቨኑም ከ175 ይልቅ በ185 ዲግሪ ይሞቃል። ሶዳ ሲበዛ ዳቦው ከመስመጡ ሌላ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ይህን ጣዕም ደግሞ ምንም ቅመም አይሸፍነውም።

ኦቨን ያለው ቤት ሥራው ቀላል ነው፤ ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ይጋገራል። ኦቨን በሌለበት ወይም መብራት በሚጠፋበት ቀን ግን የድፎ ዳቦ ብልሃት ያገለግላል፤ እሱም እሳትን ከታችም ከላይም መስጠት ነው። ወፍራም ብረት ድስት በከሰል ምድጃ ላይ ይጣድና ባዶውን 10 ደቂቃ ያህል ይሞቃል፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የተገለበጠ የብረት ሳህን ይቀመጣል፣ ቅቤ የተቀባው ቆርቆሮ በዚያ ላይ ያርፋል። ክዳኑ ከተደፋ በኋላ ከሥር ያለው ከሰል ተቀንሶ ፍሙ በላዩ ይደረደራል። ከላይ የሚበዛው ፍም ነው፤ ከታች ሲበዛ ሥሩ ከሰል ሆኖ መሐሉ ጥሬ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች መክደኛውን መክፈት አይገባም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ መዓዛው አጓጉቶኝ በ15ኛው ደቂቃ ስከፍት፣ እንደ ጉልላት ተነፍቶ የነበረው ዳቦ ዓይኔ እያየ እንደ ሳህን ጎደጎደ፣ ከዚያ ወዲያም አልተነሣም። ጊዜው ሲደርስ ስቴኪኒ መሐሉ ላይ ተወግቶ ሊጥ ሳይዝ ቢወጣ በስሏል፤ ፍርፋሪ ቢይዝ ምንም አይደለም።

ቆርቆሮውን በኮባ ቅጠል መሸፈን በሲዳማ ምድር በእጅ ያለ ጥሩ አማራጭ ነው። ቅጠሉ ታጥቦ እንዳይሰነጠቅ በእሳት ለብ ተደርጎ ይነጠፋል፤ ዳቦው እንዳይይዝ ይከላከላል፣ ቅርፊቱም ላይ የድፎን ሽታ ይተዋል። እንሰትና ሙዝ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው፤ ሙዙ በዘመዱ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲጋገር ማየት እኔን ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

የሙዝ ዳቦ ለጾምም እንደሚሆን ልብ ያለው ሰው ብዙ አይመስለኝም። የተደፈጠጠ ሙዝ ራሱ ሊጡን ስለሚያያይዝና እርጥበት ስለሚሰጥ፣ እንቁላሉ ቀርቶ አንድ ሙዝ ቢጨመር፣ ወተቱ በውሃ፣ ቅቤውም በዘይት ቢተካ በሁዳዴም በረቡዕና ዓርብም ያለ ችግር ይበላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ሲታከልበት ሶዳው የተሻለ ይሠራል። የጾሙ ከፍስኩ ትንሽ ጠበቅ ይላል፤ የተቆላ ለውዝ ሲገባበት ግን ይህ ጉድለት መሆኑ ይቀራል።

ዳቦው ከወጣ በኋላ 10 ደቂቃ በቆርቆሮው ውስጥ፣ ከዚያ ወዲያ ከሥሩ አየር በሚገባበት ነገር ላይ ይቀዘቅዛል፤ ትኩሱን መቁረጥ ያፈራርሰዋል። በሐዋሳ ሙቀት ተሸፍኖ ሁለት ቀን፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አንድ ሳምንት ይቆያል። በማግስቱ እርጥበቱ ከመሐል ወደ ቅርፊቱ ስለሚዛመት ይለሰልሳል፣ የሙዙም ጣዕም ይጎላል፤ ስለዚህ ማታ ጋግሮ ጠዋት ቡና ሲፈላ የሚቆርሰው ቤት የተሻለውን ክፍል ያገኛል።