ስሞል ግራንት ምንድን ነው?

«ግራንት ወጥቷል አሉ» የሚል ወሬ አንድ ሰፈር ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ነው?» ነው። ገንዘብ ሰጪው ግን የሚጀምረው ከሌላ ጥያቄ ነው፦ እስካሁን ምን ሠርታችኋል? ብዙ ማመልከቻ ወድቆ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው።

ስሞል ግራንት፣ በአማርኛ አነስተኛ የገንዘብ ድጋፍ፣ አንድ ለጋሽ ለአካባቢ ማህበር ወይም ለአገር በቀል ድርጅት፣ ለታወቀ ሥራና ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጠው የማይመለስ ገንዘብ ነው። ብድር ስላልሆነ ወለድ የለውም። ምጽዋትም አይደለም፤ ውል ይፈረምበታል፣ ሪፖርት ይቀርብበታል፣ ከዓላማው ውጭ ከዋለም ያስጠይቃል። ብዙ ጊዜ ለግለሰብም ሆነ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት አይሰጥም።

በአካባቢ ጥበቃ በኩል ከሁሉም የሚታወቀው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ኤስ ጂ ፒ» (ስሞል ግራንትስ ፕሮግራም) የሚባለው ነው። ግሎባል ኢንቫይሮመንት ፋሲሊቲ በተባለው ዓለም አቀፍ ፈንድ ገንዘብ፣ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም አስፈጻሚነት፣ የሪዮ የምድር ጉባኤ በተካሄደበት በ1992 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ከ120 በሚበልጡ አገሮች ሠርቷል፤ ኢትዮጵያም አንዷ ናት። ለረጅም ጊዜ ለአንድ ፕሮጀክት የተቀመጠው ጣሪያ 50,000 ዶላር ነበር። ለአንድ ቀበሌ ማህበር ይህ ትንሽ አይደለም፤ «አነስተኛ» የተባለው ፈንዱ ለመንግሥታት ከሚመድበው በሚሊዮን ከሚቆጠር ዶላር አንጻር ነው። ለማን ይሰጥ የሚለውን የሚወስነው በየአገሩ ያለ ኮሚቴ ሲሆን፣ አብዛኞቹ አባላቱ ከመንግሥት ውጭ ያሉ ሰዎች እንዲሆኑ ደንቡ ያዛል። የሚደገፉት ሥራዎች ብዝኃ ሕይወትን፣ የአየር ንብረት ለውጥን፣ የመሬት መራቆትንና የመሳሰሉትን የሚመለከቱ ናቸው። ወደ መንደር ሲወርድ ይህ ማለት እርከን፣ የችግኝ ጣቢያ፣ ንብ ማነብ፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ማለት ነው።

ሁሉም ስሞል ግራንት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የጃፓን መንግሥት ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤምባሲዎቹ በኩል የሚሰጠውና በጃፓንኛ «ኩሳኖኔ»፣ የሣር ሥር፣ የሚባለው ድጋፍ በአብዛኛው የሚውለው ለሚገነባና ለሚገዛ ነገር ነው፤ መማሪያ ክፍል፣ የውሃ ጉድጓድ፣ የጤና ጣቢያ ዕቃ። ደመወዝና የሥራ ማስኬጃ አይሸፍንም። ስለዚህ ሰው ቀጥሮ ችግኝ ሊያፈላ ያሰበ ማህበር በር ተሳስቷል ማለት ነው። ከማመልከት በፊት መመሪያውን ማንበብ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ያነበበ ግን እምብዛም አይገኝም።

ዋናው ነገር የማህበረሰቡ መዋጮ ነው። ኤስ ጂ ፒ ማህበሩ በበኩሉ በጥሬ ገንዘብ ወይም በዓይነት እንዲያዋጣ ይጠብቃል፤ ሲሆን ሲሆን ከሚሰጠው ገንዘብ ጋር የሚመጣጠን። ይህን ሲሰሙ «ገንዘብ ቢኖረን መቼ እናመለክት ነበር?» የሚሉ አሉ። ያላቸውን ሳይቆጥሩ ነው የሚሉት።

እንዲህ እንበል። ከመንደሩ በላይ ያለው ቦረቦር በየክረምቱ እየሰፋ የእርሻ መሬት እየወሰደ ነው። ማህበሩ ሽቦ ገዝቶ ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) ሊሠራ፣ በየርቀቱ የድንጋይ ክትር ሊያቆም፣ ዙሪያውን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ አድርጎ ሣርና ዛፍ ሊያለማ ይፈልጋል። የሽቦው ዋጋ ከግራንቱ ይምጣ። ድንጋዩን የሚሸከመው ማነው? 40 አባላት በሳምንት 2 ቀን፣ ለ10 ሳምንት ቢወጡ 800 የሰው ቀን ነው። የቀን ሥራው በአካባቢው ዋጋ 200 ብር ቢታሰብ 160,000 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ የአህያው ጭነት፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚልከው ባለሙያ ጊዜ፣ ስብሰባ የሚካሄድበት ቤት አለ። ይህ ሁሉ መዋጮ ነው፤ በበጀቱ ሠንጠረዥ ከለጋሹ ዓምድ አጠገብ ባለው «የማህበረሰቡ ድርሻ» በሚለው ዓምድ በቁጥር ይገባል።

እኔ ራሴ አንድ ማህበር ማመልከቻ ሲያዘጋጅ ረድቼ፣ ይሄን ዓምድ ባዶ ትተን አስገባን። ሰዎቹ ለ3 ዓመት በደቦ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ አንዳችንም ግን ደቦ ገንዘብ ነው ብሎ አላሰበም። ማመልከቻው ተመለሰ። በሚቀጥለው ዙር የወጡበትን ቀን፣ የወጣውን ሰው ብዛት፣ የተሠራውን ሜትር ከቃለ ጉባኤ እየለቀምን ሞላን። ቃለ ጉባኤው በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ የተጻፈ፣ ጠርዙ በዝናብ የራሰ ነበር። ከፕሮፖዛሉ ሁሉ ገምጋሚዎቹን ያሳመነው እሱ ይመስለኛል።

ገንዘቡ ሲፈቀድም በአንድ ጊዜ አይመጣም። ውል ሲፈረም የመጀመሪያው ክፍያ ይለቀቃል፤ በሱ የተሠራው ታይቶ፣ ሪፖርትና የሂሳብ ማስረጃ ቀርቦ ቀጣዩ ይከተላል፤ የተወሰነው ሥራው እስኪያልቅ ይያዛል። ማህበሩ በራሱ ስም የባንክ ሂሳብና ከአንድ በላይ ፈራሚ ሊኖረው ይገባል። እዚህ ጋ የሚያስቸግረው ደረሰኝ ነው። ሲሚንቶ የሸጠ ነጋዴ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ በአህያ ድንጋይ ያመላለሰ ገበሬ ከየት ያመጣል? ስም፣ የሥራው ዓይነት፣ ቀን፣ የገንዘቡ መጠንና ፊርማ ያለበት የክፍያ መፈረሚያ ወረቀት ተቀባይነት ይኖረው እንደሆነ ገንዘቡ ሳይወጣ በፊት መጠየቅ ነው። ከወጣ በኋላ ሰው እየፈለጉ ማስፈረም ጣጣው ብዙ ነው፤ ኦዲተርም አይወደውም።

ሕጋዊ ሰውነትም ይጠየቃል። በአገራችን የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች የሚመሩት በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ከሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኘውን ድርጅት በብዙ የሥራ መስክ እንዳይሳተፍ ያግድ ነበር፤ አዲሱ ያን ገደብ አንስቷል። የአስተዳደር ወጪ ግን ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ምዝገባ የሌለው የሰፈር ስብስብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው በተመዘገበ ድርጅት ጥላ ሥር ነው። ይህ መንገድ ይሠራል፤ ነገር ግን ገንዘቡ በማን ሂሳብ እንደሚቀመጥ፣ ድርጅቱ ለራሱ ስንት እንደሚወስድ፣ የተገዛው ዕቃ በመጨረሻ የማን እንደሚሆን ቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። በቃል የተስማሙ ሲጣሉ አይቻለሁ። የተጣሉትም በአንድ የውሃ ፓምፕ ነበር።

በውጭ አገር የሚኖሩ የአገር ልጆችም በዚህ ቦታ አላቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዳያስፖራ ትረስት ፈንድ «በቀን 1 ዶላር» በሚል ጥሪ ያሰባሰበውን ገንዘብ ለማህበረሰብ ፕሮጀክቶች አውሏል። ከዚያ በታች ደግሞ የትውልድ መንደራቸውን የሚረዱ ብዙ ትንንሽ ማህበራት አሉ። የሚልኩት ገንዘብ በማህበሩ የባንክ ሂሳብ ገብቶ ለሥራው መዋሉ ከታየ፣ በማመልከቻው ላይ እንደ መዋጮ ሊቆጠር ይችላል። በአንድ ዘመድ ስልክ ከተላከ ግን ማስረጃ የለውም።

ገምጋሚዎች የሚያነሱት አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፣ ብዙ ጊዜ መልስ የማይዘጋጅለት፦ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ማን ይይዘዋል? በክረምት 10,000 ችግኝ መትከል ለሪፖርት ያምራል፤ በየካቲት ማን ውሃ ያጠጣል፣ ፍየሉን ማን ይመልሳል? ስለዚህ የተከላ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚቀርብ ማመልከቻ ሲያዩ ይጠራጠራሉ፤ እውነታቸውን ነው።

እኔ በረዳሁት ማህበር የቦረቦር ሥራ ብዙ ያከራከረው የጥበቃው ደመወዝ ነበር። ግራንቱ የሚከፍለው ለ18 ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላስ? አንድ ሽማግሌ፣ ከንክኪ ነፃ በሆነው ቦታ የሚበቅለውን ሣር አባላቱ በተራ አጭደው ለከብቶቻቸው ይውሰዱ፣ በየሸክሙ ትንሽ ብር ይክፈሉ፣ ከዚያ ላይ ጥበቃው ይከፈለው አሉ። «ሣራችንን በገንዘብ?» ብሎ የተቆጣ ነበር። ክርክሩ እስከ ማታ ሄዶ፣ በመጨረሻ የአንድ ሸክም ዋጋ ተቆርጦ ያው ደብተር ላይ ተጻፈ፤ እኛም ገጹን ፎቶ አንስተን ከማመልከቻው ጋር አያያዝነው።