የካቶሊክ ካህን እንደ ንግግር ጥበብ መምህር፦ ከወሎ ቅኔ ቤት አንጻር

የንግግር ጥበብ፣ በተለምዶ ሪቶሪክ የሚባለው፣ ሐሳብን አፍልቆ፣ አደራጅቶና በቃል አሳምሮ አድማጭን የማሳመን ትምህርት ነው። መነሻው የጥንት ግሪኮች ሸንጎና ፍርድ ቤት ሲሆን፣ በላቲን ቋንቋ ሥር የሰደደው በተለይ በሮማዊው ተናጋሪ በሲሴሮና በሮም የንግግር ጥበብ መምህር በነበረው በኩዊንቲሊያን ሥራዎች ነው። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይህን ትምህርት ለብዙ ዘመናት ይዘው ያቆዩት ካህናት ናቸው። ጠዋት የቀደሰ፣ ኑዛዜ የተቀበለ ካህን ከሰዓት በኋላ ከተማሪዎች መካከል ተቀምጦ የአንድ ዐረፍተ ነገርን አወራረድ ሲያርም መዋሉ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በዋድላም በደላንታም የቅኔ መምህሩ የመቅደስ አገልጋይም የቋንቋ ሊቅም ነውና።

ክህነትና ንግግር ጥበብ የተገናኙት ቀደም ብለው ነው። አውግስጢኖስ በካርታጎ፣ በሮምና በሚላን የንግግር ጥበብ መምህር ነበር። በ387 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ተጠመቀ፣ በ391 ቅስና ተቀበለ፣ ኋላም ጳጳስ ሆነ። በሽምግልናው ስለ ስብከት ሲጽፍ፣ ማስተማር፣ ማስደሰትና ማነሣሣት የሚሉትን ሦስቱን የሲሴሮ ግቦች ለሰባኪው አወረሰ። እውነትን የያዘ ሰው ሐሰትን በጣፋጭ አንደበት በሚናገር ሰው ፊት ለምን ደንዝዞ ይቁም የሚለው ጥያቄው፣ ትምህርቱ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ ትልቅ ድርሻ አበርክቷል።

ትምህርቱ እጅግ የተደራጀው ግን ኢየሱሳውያን (ጄስዊት) በሚባለው የካቶሊክ ገዳማዊ ማኅበር ትምህርት ቤቶች ነው። ማኅበሩ ለውጭ ተማሪዎች የሚሆን የመጀመሪያ ትምህርት ቤቱን በ1548 በሲሲሊ፣ በመሲና ከተማ ከፈተ፤ የሮሙ ኮሌጅ በ1551 ተከተለ፤ በ1599 ደግሞ ለትምህርት ቤቶቹ ሁሉ የሚያገለግል አንድ የትምህርት ሥርዓት ጸደቀ። በዚያ ሥርዓት ተማሪው ሰዋስውን ደረጃ በደረጃ ጨርሶ፣ በግጥምና በታሪክ ንባብ አልፎ፣ በመጨረሻ ወደ ንግግር ጥበብ ክፍል ይገባል። ስፔናዊው አባ ሲፕሪያኖ ሶአሬዝ በ1562 ያሳተመው መማሪያም የአርስጣጣሊስን፣ የሲሴሮንና የኩዊንቲሊያንን ደንቦች አሳጥሮ ለወጣቶች ያቀረበ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ የክፍሉ መግቢያ ሆኖ አገልግሏል።

የመምህሩ ውሎ ከደንቡ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ተማሪዎቹ በቃላቸው ያጠኑትን የሚያደምጡላቸው ከመካከላቸው የተመረጡ አለቆች ናቸው። መምህሩ ጽሑፍን የሚያርመው ተማሪውን ወደ ራሱ ጠርቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ሌሎቹም ያን ጊዜ የየራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ። ከዚያ የሲሴሮን አንድ ምንባብ ያነብና ይፈታል፤ ክርክሩ ከየት እንደ ፈለቀ፣ ቃሉ ለምን እዚያ ቦታ እንደ ተቀመጠ፣ ዐረፍተ ነገሩ ሲነበብ ጆሮ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ያሳያል። ክፍሉ ብዙ ጊዜ ሮማውያንና ካርታጎዎች ተብሎ ለሁለት ይከፈልና አንዱ ወገን የሌላውን ስሕተት እየነቀሰ ይወዳደራል። ትምህርቱ የሚዞረው በአምስት ተግባራት ዙሪያ ነው፤ ሐሳብን ማፍለቅ፣ መደርደር፣ ቃል ማልበስ፣ በአእምሮ መያዝና በድምፅና በእንቅስቃሴ ማቅረብ።

ይህን ሥርዓት ከወሎ ቅኔ ቤት አጠገብ ስናስቀምጠው ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ይታያል። ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ከሦስቱ ታላላቅ የቅኔ ቤቶች አንዱ ሆኖ የሚጠራው የዋድላ ቤት ነው። እዚያም ግስና እርባ ቅምር፣ ማለትም የግዕዝ ግሦችና አረባባቸው፣ ሳይጠና ወደ ቅኔ አይገባም። ተማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ባለው የቅኔ ዓይነት፣ በጉባኤ ቃና፣ ይጀምርና በዘአምላኪየ፣ በሚ በዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴና በዘይእዜ አልፎ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል፤ እስከ መጨረሻው ሲዘልቅ ቤት ሞላ ይባላል። የጥንቶቹ የንግግር ጥበብ መምህራንም ከተረት ተነሥተው ሕግን እስከ መሟገት የሚዘልቁ 14 የመለማመጃ እርከኖች ነበሯቸው። ጀማሪውን የሚያደምጠው አስነጋሪ ደግሞ በኢየሱሳውያኑ ክፍል ከምናገኘው የተማሪዎች አለቃ ጋር ሥራው አንድ ነው።

ደበሎ የለበሰ የቅኔ ተማሪ ከጓደኞቹ ርቆ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ ተቀምጦ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲደርስ፣ ይውላል። ከጎኑ የተቀመጠው አኩፋዳ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ቁራሽ ይዟል። ሲመሽ ወደ የኔታ ቀርቦ የቆጠረውን ይነግራል። የኔታ ቃሉ ከቃል ጋር አልተስማማም፣ ዜማው ጎድሏል ወይም ምሥጢሩ አልሞላም ብለው ይመልሱታል፤ ቀንቶት ከሆነም ይቀበሉታል። በእኔ እምነት የዚህ ትምህርት ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ደንቡን ማወቅ ብቻውን ማንንም ተናጋሪ አላደረገም፤ የሠሩትን በየዕለቱ አዋቂ ፊት ማቅረብና መታረም ግን ያደርጋል። የሮሙም ካህን፣ የዋድላውም የኔታ ይህን ያውቁ ነበር።

ልዩነቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ኩዊንቲሊያን የንግግር ቀዳሚ ውበት ግልጽነት እንደ ሆነ ያስተምራል፤ ሁለት ትርጉም የሚሰጥ ቃልን እንደ ጉድለት ቆጥሮ እንዲወገድ ያዛል። በቅኔ ቤት ግን ያው ነገር ኅብር ተብሎ ይመሰገናል። በአማርኛ «ዓባይ» ሲባል ወንዙም ውሸታሙም በአንድ ድምፅ ይሰማሉ፤ ለላቲኑ መምህር ይህ የሚታረም ግድፈት ነው፣ ለቅኔው መምህር ግን የተገኘ ሀብት ነው። ሰምና ወርቅም ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛ ሥራ ነው፤ አንጥረኛው ቅርጹን በሰም አበጅቶ በጭቃ ይለብጠውና ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁን በቦታው ያፈሳል። ይህ ልዩነት ከዓላማቸው የመጣ ይመስለኛል። ሮማዊው ጠበቃ ዳኛውን አሁኑኑ ማሳመን አለበት፤ ባለቅኔው ግን ከቅዳሴና ከማኅሌት መካከል ቆሞ ምስጋናን ያቀርባል፣ አድማጩም ምሥጢሩን ፈልጎ እንዲያገኝ ይጠበቅበታል። ሌላም አለ፤ ኢየሱሳዊው መምህር ተማሪው ሲሴሮን እንዲመስል ይተጋል፤ በቅኔ ቤት ደግሞ ትናንት የተሰማውን ዛሬ መድገም ነውር ነው።

ወሎ ለዚህ ንጽጽር የሚሰጠው በክርስቲያኑ ወገን ያለውን ብቻ አይደለም። የእስልምና ትምህርት ተማሪው ደረሳ የዐረብኛን ሰዋስው፣ ነህውንና ሰርፉን፣ ከሼኹ እግር ሥር ተቀምጦ ይማራል፤ የመንዙማው ግጥምም በአማርኛና በዐረብኛ ይደረሳል። የቋንቋ ሰዋስው የሃይማኖት ትምህርት በር ነው የሚለው እምነት በሁለቱም ወገን ጽኑ ነው።

በኢትዮጵያ የካቶሊክ ክህነትንና የግዕዝ ሊቅነትን በአንድ ሰው ያገናኘ ታላቅ ምሳሌ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። በ1791 ገደማ ጎጃም ተወልደው በመርጡለ ማርያም ተማሩና መነኮሱ። በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ ከላኳቸው መልእክተኞች አንዱ ሲሆኑ፣ በጉዞው ከጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ከዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ማለትም ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ተዋወቁ፤ እስከ ሮምም ደረሱ። በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፣ በ1851 ቅስና ተቀበሉ፤ ለክህነት የሚዘጋጁ ወጣቶችንም አስተማሩ። ሲሴሮን ያስተማሩ ሰው አልነበሩም፤ ዕውቀታቸው የአገሩ ጉባኤ ያፈራው ነበር። በ1855 በዐፄ ቴዎድሮስ ፊት የሞት ፍርድ ተፈርዶባቸው፣ በእንግሊዙ ቆንስል በፕላውደን ምልጃ ወደ እስራት ተለወጠላቸው። ከዚያም በሰንሰለት ታስረው ንጉሡ ወደ ወሎ ከዘመቱበት ሠራዊት ጋር ተነዱና በዚያው ክረምት በመንገድ ላይ ዐረፉ። በ1926 ብፅዕናቸው ታወጀ።

ዛሬ ወሎ የሚገኘው በ2015 በተቋቋመው የባሕር ዳር-ደሴ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ክልል ውስጥ ነው። ሀገረ ስብከቱ የግዕዝን ሥርዓት የሚከተል በመሆኑ ካህኑ በግዕዝ ይቀድሳል፣ በአማርኛ ይሰብካል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ንግግር ጥበብን የሚያስተምር ካህን ሁለቱንም ሚዛን መያዝ ይኖርበታል፤ ለስብከቱ የኩዊንቲሊያንን ግልጽነት፣ ለበዓል ምስጋናው የቅኔውን ምሥጢር። ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሲሴሮ አጥብቆ ያስተማረው ነገር፣ ንግግርን ለሰሚውና ለጊዜው ተገቢ ማድረግ ነው። በደሴ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ብዙ ጊዜም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ካህኑ ለማጽናናት ሲነሣ የትኛውን ምሳሌ እንደሚያስቀድም፣ ድምፁን የት ላይ ዝቅ እንደሚያደርግ፣ የት ላይ አቁሞ ሽማግሌው ዱዓ እንዲያደርጉ ቦታ እንደሚለቅ የሚወስነው በዚያች ቅጽበት ነው።